«ቀደመው»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንበል? የሩጫ ዘገባ ግሶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝኛ የሩጫ ዘገባ የሚያነቡ፣ ውድድር በእንግሊዝኛ የቀጥታ ስርጭት የሚከታተሉና የስፖርት ዜና የሚተረጉሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ምሳሌዎቹ ከእውነተኛ ውድድሮች ናቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ጆንና ፒተር ሲሯሯጡ አይቶ ግስ ያስታወሰ ሰው አላውቅም። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱም እንደሚነበቡት በፊደላችን ተጽፈዋል።

አንድ ግስ ብቻ ብይዝ አይበቃኝም?

ለመግባባት ያህል ይበቃል። «ፓስ»ን ይያዙ፤ ሰውም መኪናም ሲያልፍ ያገለግላል። ዘገባ መጻፍ ወይም መተርጎም ሲመጣ ግን አንድ ግስ ያጥራል። የአማርኛው «ቀደመ» ከኋላ ተነሥቶ ያለፈውንም፣ መጀመሪያ የደረሰውንም፣ በዕድሜ የሚበልጠውንም ይሸፍናል። እንግሊዝኛ እነዚህን ለያይቶ ያስቀምጣል። የተበለጠው ሰው ነው፣ ሰዓት ነው ወይስ የተወሰነ ልክ? ሯጩ ገና እየተጠጋ ነው፣ እያለፈ ነው ወይስ ጥሎ ሄዷል? ግሱ የሚመረጠው ለእነዚህ በሚሰጠው መልስ ነው፤ ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በፊት ሩጫውን በዓይነ ኅሊና መከተል ያዋጣል።

«ኦቨርቴክ» እና «ፓስ» ልዩነት አላቸው?

በትርጉም እምብዛም የላቸውም፤ የሚለያያቸው አገር ነው። ብሪታኒያዊ ዘጋቢ «ኦቨርቴክ» ሲል አሜሪካዊው «ፓስ» ማለት ይቀናዋል። ሁለቱም አንድ ግዴታ አለባቸው፦ የሚያልፈው ቀድሞ ከኋላ መሆን አለበት። ከመነሻው እስከ መጨረሻው የመራ ሯጭ ማንንም «ኦቨርቴክ» አላደረገም።

በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ለዚህ ግስ የተሠራ ይመስላል። በመጨረሻው ዙር አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ፣ ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲና አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ ተፋጠጡ። ጋሙዲ በሁለቱ መካከል ሾልኮ መሪነቱን ያዘ። ሚልስ ወደ ሦስተኛነት ወርዶ ነበር፤ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ግን ሁለቱንም አልፎ ወርቁን ወሰደ። አራተኛ የወጣው የእኛው ማሞ ወልዴ ነበር። የሚልስን እርምጃ በ«ኦቨርቴክ»ም በ«ፓስ»ም መግለጽ ይቻላል።

የኃላፊ ጊዜ ቅርጻቸው ያስቸግራል። «ኦቨርቴክ» ወደ «ኦቨርቱክ» ይለወጣል፤ ከ«ሃቭ» ወይም ከ«ወዝ» ጋር ሲሆን «ኦቨርቴክን» ይባላል። «ፓስ» ደግሞ ለጆሮ የማይለይ ወጥመድ አለው። በ«ኢዲ» የሚያልቀው ኃላፊ ግስና በ«ቲ» የሚያልቀው መስተዋድድ አነባበባቸው አንድ ነው። ሌላ ግስ ካለ በ«ቲ» የሚያልቀውን ይጻፉ፤ «ራን ፓስት ክላርክ» እንደሚባለው። ሌላ ግስ ከሌለ በ«ኢዲ» የሚያልቀው ነው።

«ካች አፕ» ማለት ቀደመ ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ደረሰበት ማለት ነው፤ በትርጉም ዜና ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ደርሶበት ሳያልፈው ሊቀር ይችላል፤ ደርሶበትም መልሶ ሊያመልጠው ይችላል።

የ2019ኙን የበርሊን ማራቶን ያስታውሱ። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠ ፍጥነት ጨምሮ ሄደ፤ ቀነኒሳ በቀለ ወደ ኋላ ቀረ። ብዙዎች አበቃለት ሲሉ ቀነኒሳ ክፍተቱን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ መጣ፣ ደረሰበት፣ አለፈው፣ ከዚያም ብቻውን ገሰገሰ። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ግስ አለው። ክፍተቱን እየቀነሰ ሲመጣ «ክሎዝ ዘ ጋፕ» ወይም «ሪል ኢን» ነው፤ ሁለተኛው ዓሣ አጥማጅ ክሩን እየጠቀለለ ዓሣውን ወደ ራሱ ከሚስብበት ሥራ የመጣ ነው፤ የሚሳበው ከፊት ያለው ሯጭ መሆኑን ልብ ይሏል። ሲደርስበት «ካች» ወይም «ካች አፕ ዊዝ»፣ ሲያልፈው «ፓስ»፣ ጥሎት ሲሄድ «ፑል አዌይ» ይሆናል። አራቱንም «ቀደመው» ብሎ የተረጎመ ሰው የውድድሩን ግማሽ ታሪክ ጣለ።

ቀነኒሳ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ የኤሊዩድ ኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ አመለጠው። ለዚህም ግስ አለ፦ «ሚስ»። ክብረ ወሰኑን በ2 ሰከንድ «ሚስ» አደረገ እንጂ ክብረ ወሰኑን «ሉዝ» አላደረገም፤ «ሉዝ» በእጅ የነበረን ማጣት ነው።

በ«አውት» የሚጀምሩት ግሶች ስንት ናቸው? ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?

መሸምደድ አያስፈልግም፤ አሠራራቸውን ማወቅ ይበቃል። «አውት» ከግስ ፊት ሲገባ «በዚያ ድርጊት በለጠው» የሚል ትርጉም ይሰጣል። በሩጫ ሲበልጥ «አውትረን»፣ በፍጥነት ልክ ሲበልጥ «አውትፔስ»፣ በመጨረሻው ፍትለካ ሲበልጥ «አውትስፕሪንት» ወይም «አውትኪክ»፣ በጽናት ሲበልጥ «አውትላስት» ይባላል። ዘጋቢዎች እንደ ሁኔታው አዲስም ይፈጥራሉ፤ አንባቢም ግር አይለውም።

ደንቡ አንድ ነው፦ ተበላጩ መጠቀስ አለበት። «ኃይሌ አውትኪክድ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ማንን?

ማንን ከተባለ ፖል ቴርጋትን። በሲድኒ 2000 የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ቀድሞ ተፈተለከ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ተከተለው፤ ቀጥታው መስመር ላይ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። የዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ልዩነት ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛውን የለየው ክፍተት ከዚህ ይሰፋል። «አውትኪክ» እና «አውትስፕሪንት» እዚህ ቦታቸው ነው። ልዩነቱ ጠባብ መሆኑን ለማጉላት የሚፈልግ ጸሐፊ «ኤጅ» የሚለውን ይመርጣል፤ ለጥቂት በለጠው እንደ ማለት ነው።

«ኪክ» እርግጫ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ ግን ኃይሌን ከሜዳ ሊያስወጣው ይችላል። በሩጫ ዘገባ «ኪክ» ለመጨረሻ የተቆጠበ ጉልበት ሲፈታ ነው፤ እግር ማንም ላይ አያርፍም። በውድድሩ መካከል የሚመጣ ድንገተኛ ፍጥነት ደግሞ «ሰርጅ» ይባላል እንጂ «ኪክ» አይባልም።

ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 1992 ያደረገችውም ንጹህ «አውትኪክ» ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ስትመራ ደራርቱ ከኋላዋ ሳትለይ ቆየች፤ በመጨረሻው ዙር ተፈትልካ ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድማት ገባች። «አውትላስት» ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ሌሎቹ እየደከሙ ሲንጠባጠቡ በያዘው ፍጥነት ለቆየ ሰው ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው «አውትረን» ነው፤ ከአሳዳጅ ማምለጥንም ይገልጻል። ውሻ ወይም ፖሊስ ሲያሳድደው አመለጠ ለማለትም ይኸው ግስ ያገለግላል። ኃላፊ ጊዜው «አውትራን» ነው።

ምሩፅ ይፍጠርን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሺፍተር» የሚሉት ለምንድን ነው?

ማርሽ ቀያሪ ማለታቸው ነው። «ሺፍት» የመኪና ማርሽ መቀየር ሲሆን፣ «ሺፍተር» ከ«ይፍጠር» ጋር ቤት ስለሚመታ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። እኛም «ማርሽ ቀያሪው» ብለን ተቀብለነዋል፤ ቤት ባይመታም ነገሩን በደንብ ይገልጻል። ምሩፅ በሞስኮ 1980 የ5,000ም የ10,000 ሜትርም ወርቅ ያገኘው በዚሁ ስልት ነው፤ በመጨረሻዎቹ መቶዎች ሜትሮች በድንገት ፍጥነቱን ሲለውጥ ተከታዮቹ መልስ አልነበራቸውም። ግሱ ብቻውን ግን መቅደምን አይናገርም። አንድ ሯጭ ማርሽ ቀይሮም ሊሸነፍ ይችላል።

«አሸነፈው» ለማለት «ዊን» ለምን አይሆንም?

ምክንያቱም «ዊን» የሚፈልገው ሰውን አይደለም፤ ውድድርን፣ ሜዳልያን ወይም ሽልማትን ነው። ሰው የሚሸነፈው በ«ቢት» ነው። በአማርኛ «ውድድሩን አሸነፈ» እና «ተቀናቃኙን አሸነፈ» አንድ ግስ ስለሚጋሩ ይህ ስሕተት ለእኛ የቀረበ ነው፤ እንግሊዝኛን ለዓመታት ከተማሩ ሰዎች አፍም ይሰማል። «ኃይሌ ዋን ቴርጋት» የሚል ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሰማ ቴርጋት በዕጣ የደረሰው ሽልማት ይመስለዋል።

ቀላሉ ማረጋገጫ ከግሱ በኋላ የሚመጣውን ማየት ነው። ሰው፣ ቡድን ወይም አገር ከመጣ «ቢት»፤ ሜዳልያ፣ ዋንጫ ወይም ሩጫ ከመጣ «ዊን»። «ቢት» በኃላፊ ጊዜም ራሱ «ቢት» ነው፤ ሲሸነፍ «ቢትን» ይሆናል። «ዊን» ደግሞ «ዋን» ይሆናል፤ ቁጥር አንድን ሲሉ እንደሚሰማው። «ዲፊት» ከ«ቢት» ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ ትንሽ ያዝ ያለና መደበኛ ነው፣ ለጦርነትና ለምርጫም ይቀርባል። ለሩጫ «ቢት» ይሻላል፤ አጭር ነው፣ ርዕስ ላይም ይገባል።

ክብረ ወሰን ሲሻሻልስ?

እዚህ «ኦቨርቴክ» ጨርሶ አይገባም። ክብረ ወሰን ከፊት እየሮጠ አይደለም። የተለመደው «ብሬክ» ነው፤ «ቢት» እና «ቤተር»ም ይሠራሉ። በሩጫ ክብረ ወሰን ሲሻሻል ሰዓቱ ስለሚቀንስ «ሎወር» ይባላል፤ ዝቅ አደረገችው ማለት አከበረችው ማለት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ዘጋቢው «ስማሽ» ወይም «ሻተር» ይላል፤ ሁለቱም መሰባበርን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ለሁለት መቶኛ ሰከንድ መሻሻል ሲጠቀሙባቸው የሚያሳፍሩ ግሶች ናቸው።

አልማዝ አያና በሪዮ 2016 የ10,000 ሜትር ላይ ያስመዘገበችው 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ለ«ስማሽ» የተገባ ነው። ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን 29 ደቂቃ ከ31.78 ሰከንድ ከ14 ሰከንድ በላይ ቀነሰችው። ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2023 ያደረገችውም እንዲሁ ነው፦ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የወቅቱን የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች።

አንድ አደገኛ ግስ አለ፦ «ኤክሲድ»። በአማርኛ «ክብረ ወሰኑን በለጠ» ስለምንል ወደዚህ ግስ እንሳባለን። ነገር ግን «ኤክሲድ» ከቁጥር በላይ መሆን ነው። የ29 ደቂቃን ክብረ ወሰን «ኤክሲድ» ያደረገች ሯጭ ዘግይታ ገብታለች። ምስጋናው ወደ ወቀሳ ተለወጠ ማለት ነው።

ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 የቀነኒሳን ሁለት ክብረ ወሰኖች፣ የ5,000ውን በሞናኮ የ10,000ውን በቫሌንሲያ፣ ሲሰብር «ቀነኒሳን ቀደመው» የሚል አነጋገር ሰምተው ይሆናል። በእንግሊዝኛ ቼፕቴጌ ቀነኒሳን አልቀደመም፤ ቀነኒሳ በትራኩ ላይ አልነበረም። የሰበረው ክብረ ወሰኑን ነው። ሰውየውን መጥቀስ የሚፈልግ ጸሐፊ «ኢክሊፕስ»ን ይጠቀማል፤ ግርዶሽ እንደሚያደርገው ስሙን መሸፈን ነው።

እንግዲያው «ኤክሲድ» እና «ሰርፓስ» ለምን ያገለግላሉ?

«ኤክሲድ» ለልክ ነው፦ ለፍጥነት ገደብ፣ ለበጀት፣ ለተጠበቀው መጠን። አሽከርካሪ የፍጥነት ገደቡን «ኤክሲድ» ያደርጋል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ግን አያደርግም።

«ሰርፓስ» ለስኬትና ለደረጃ ነው፤ ከሩጫው ሜዳ ይልቅ ለሩጫው ታሪክ ይቀርባል። ኃይሌ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቆች አሉት፤ ቀነኒሳ በአቴንስ አንድ፣ በቤጂንግ ሁለት ወርቅ ወስዶ በቁጥር ሲበልጠው ግሱ «ሰርፓስ» ነው። በ2003ቱ የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ ኃይሌን በ10,000 ሜትር ሲያሸንፈው ግን «ቢት» ነው። የመጀመሪያው በመዝገብ ላይ የተደረገ ነው፣ ሁለተኛው በእግር።

በኢኮኖሚ ዜና «ኦቨርቴክ»ም «ሰርፓስ»ም ይሄዳሉ፤ ቻይና በ2010 ጃፓንን አልፋ የዓለም ሁለተኛ ኢኮኖሚ ስትሆን ሁለቱም ተጽፈዋል። ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ «አውትስትሪፕ»፣ የዋጋ ንረት ከደመወዝ ጭማሪ ሲፈጥን «አውትፔስ» ይመረጣል።

«ኤክሰል»ስ?

ይህ ተበላጭ አይፈልግም። በአንድ ነገር ጎበዘ፣ ላቀ ነው። «ኤክሰልድ ሂም» ብሎ መጻፍ ዛሬ እንግዳ ይመስላል።

«ፕሪሲድ» መቅደም አይደለም?

በጊዜ ወይም በተራ መቅደም ነው። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓቱ ውድድሩን «ፕሪሲድ» ያደርጋል። ሩጫ ላይ ካስገቡት አንዱ ሯጭ ከሌላው በፊት የተወለደ ወይም አስቀድሞ የተሰለፈ ይመስላል።

«ድሮፕ» እና «ድሮፕ አውት» ይምታቱብኛል።

ሊምታቱ አይገባም፤ አንዱ የአሸናፊ ሌላው ውድድር ያቋረጠ ሯጭ ግስ ነው። በአበበ ቢቂላ ሕይወት ውስጥ ሁለቱም ተፈጽመዋል። በሮም 1960 አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆዩ። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ፣ ያኔ ሮም ላይ ቆሞ ከነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ አበበ ፍጥነት ጨምሮ ጥሎት ሄደ፤ በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞትም ገባ። አበበ ራዲን «ድሮፕ» አደረገው። በሜክሲኮ 1968 ግን አበበ ጉዳት ስለነበረበት 20 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ያኔ አበበ «ድሮፕ አውት» አደረገ። አንዲት ትንሽ ቃል ስትጨመር ድሉ ወደ ማቋረጥ ተለወጠ።

ሦስተኛ አለ፦ «ድሮፕ ባክ»፤ ወደ ኋላ ቀረ እንጂ አላቋረጠም። አሯሯጮች ግን ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ «ድሮፕ አውት» ይባላል፤ በእነሱ ላይ ነቀፋ የለውም።

ሊቀደም ሲል ያልተቀደመውን ሯጭ በምን እንግለጸው?

«ሆልድ ኦፍ» የሚባል ጥሩ ግስ አለ፤ በአማርኛ ዘገባ ብዙ ጊዜ «አስቀድማ ገባች» ተብሎ ይደበዝዛል። በ2022 በዩጂን፣ ኦሬገን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ለተሰንበት ግደይ 30 ደቂቃ ከ9.94 ሰከንድ፣ ሄለን ኦቢሪ ከ10.02፣ ሦስተኛዋ ማርጋሬት ኪፕኬምቦይ ከ10.07 ሰከንድ ገቡ። ለተሰንበት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ የተከተሏትን አላሳለፈችም። «ሆልድ ኦፍ» ይህንን መከላከል በአንድ ግስ ይናገራል።

መሪነትን ለያዘ ሯጭ «ሊድ» ይጠቅማል። ኃላፊ ጊዜው «ሌድ» ሲጻፍ የ«ኤ» ፊደል ትወድቃለች፤ ካልወደቀች ግን ማዕድኑን እርሳስን ጽፈዋል። አነባበባቸው አንድ ስለሆነ እንግሊዛውያን ራሳቸው ይሳሳታሉ።

በሙሉ ዙር ሲቀደም?

«ላፕ» ነው። ላይ በጠቀስኩት የቶኪዮ ውድድር መሪዎቹ በመጨረሻው ዙር ዘግይተው የሚሮጡትን እየተሽሎኮሎኩ ማለፍ ነበረባቸው። እነዚያን ሯጮች በ«ኦቨርቴክ» ከገለጿቸው አንባቢው ለሜዳልያ የሚፎካከሩ ይመስሉታል፤ «ላፕድ» ሲሉ ግን ነገሩ ይጠራል።

ለመንጃ ፈቃድ እየተማርኩ ነው፤ የመንገድ ምልክቶቹ ላይ የትኛውን ልጠብቅ?

ብሪታኒያ ከሆኑ «ኦቨርቴክ»ን፣ አሜሪካ ከሆኑ «ፓስ»ን። መቅደም የሚከለክለው ምልክት በአሜሪካ «ዱ ኖት ፓስ» ይላል። ብሪታኒያ ውስጥ የሚነዳው በግራ በመሆኑ የሚቀደመው በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ በኩል ሾልኮ ማለፍን «አንደርቴክ» ይሉታል፤ ይኸው ግስ በመደበኛ ጽሑፍ ኃላፊነት መውሰድና ሥራ መጀመር ማለት ነው። «ቴክ ኦቨር» ደግሞ ቃላቱ ተገላብጠው ቢመስሉም ከመቅደም ጋር አይገናኝም፤ ተረከበ ማለት ነው። መሪነቱን ከሌላው የተረከበ ሯጭ «ቱክ ኦቨር ዘ ሊድ» ይባላል፤ ሰውን «ቴክ ኦቨር» ማድረግ ግን አይቻልም፤ ድርጅት ሲገዛ ነው የሚባለው።